መታወቂያ ለድምፅ፣ ማጣሪያ ለጠመንጃ፦ በሁለት ቢላ የመብላት ፖለቲካ

(ይህ ጽሑፍ የጋዜጣችን ተባባሪ ጸሐፊ በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ ወጣት ጋዜጠኞችና ተማሪዎች ያደረገው ንግግር ነው። ንዑስ ርእሶቹን ያስገባው ዝግጅት ክፍሉ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እኔም ከሥሩ ልጀምር። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የአሜሪካኖች ነው። ለመምረጥ መታወቂያ ማሳየት ግዴታ ይሁን አይሁን፣ ጠመንጃ ለመግዛትስ የገዢው የኋላ ታሪክ ይጣራ አይጣራ የሚለው የማያልቅ ጭቅጭቃቸው። ከአሁኑ «በሰው አገር ነገር ምን ጥልቅ አደረገህ?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሴ አጭር ነው። ከቤታችን ባይሆን ከጎረቤታችን ቤት አንድ ሰው እዚያ አለ። ዲቪ ደርሶት የሄደ አለ፣ በስደት የገባ አለ፣ ዜግነት ወስዶ የሚመርጥ አለ። ደግሞም «አሜሪካ እንኳ እንዲህ ታደርጋለች» የምትባለው አባባል በየስብሰባው ስለምትመዘዝ፣ አሜሪካ በእርግጥ ምን እንደምታደርግ ማወቁ አይጎዳንም።

ክርክሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ «ሽጉጥ ለመግዛት መታወቂያ ታሳያለህ፣ ቅጽ ትሞላለህ፣ ስምህ በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ ይፈተሻል። ድምፅ ለመስጠት መታወቂያ አሳይ ስትባል ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ሁለቱም የሕገ መንግሥት መብት አይደሉም እንዴ?» ሌላው ወገን ይመልሳል፦ «አንተስ ለምርጫ ወረቀት ካልታየ ሞቼ እገኛለሁ እያልክ፣ ሰው ከሰው ጠመንጃ ሲገዛዛ ማንም እንዳይጠይቀው የምትሟገተው ለምንድነው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ክፋቱ፣ ሁለቱም ጠያቂዎች ጥያቄውን ለባላንጣቸው እንጂ ለራሳቸው አያቀርቡትም። ሪፐብሊካኑ በምርጫ ጣቢያ በር ላይ ጠበቅ፣ በመሣሪያ መደብር በር ላይ ላላ ማለት ይወዳል። ዲሞክራቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ይሄን የእኛ ሰው በአንድ ቃል ጨርሶታል፤ በሁለት ቢላ መብላት ይባላል።

እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ሚዛን ሌላ ነው። «ወረቀት ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ?» ብለን ብንከራከር አንጨርስም። የሚያዋጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ሲጎድል፣ መዝገቡ ሲሳሳት፣ መንግሥት ሲዘገይ ዕዳውን የሚከፍለው ማነው?

ቀበሌ የማያውቅ ሕዝብ

እኛ የቀበሌ መታወቂያ ይዘን ያደግን ሰዎች ነን። መታወቂያ የሌለው ሰው ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን «ይሄ ሰው ከየት ነው?» የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ለዜጋ ሁሉ የሚያድለው የግዴታ መታወቂያ የለም። አብዛኛው ሰው የሚያሳየው መንጃ ፈቃዱን ነው። መኪና መንዳት ያቆመች አሮጊት፣ ከተማ ውስጥ በባቡር የሚመላለስ ድሃ፣ ከትውልድ ቦታው ርቆ የልደት ወረቀቱ የጠፋበት ሽማግሌ፣ ፎቶ ያለበት ወረቀት ሳይኖራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜጋ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ። ይሄን ሳንይዝ ክርክሩን ብንሰማው ቅብጠት ይመስለናል።

ምርጫውንም የሚያስተዳድረው ማዕከል ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ወደ 36 የሚሆኑት በምርጫ ጣቢያ አንድ ዓይነት መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ የቀሩት ስምና አድራሻን፣ አንዳንዴም ፊርማን ከመዝገብ ጋር አስተያይተው ያስመርጣሉ። ይሄ ማለት ግን መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ይመርጣል ማለት አይደለም። ከሰሜን ዳኮታ በቀር በሁሉም ዘንድ ምዝገባ አለ። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ተመዝጋቢው የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር፣ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞች እንዲሰጥ ያዛል። ማጣራቱ አለ ማለት ነው፤ የሚካሄደው ግን በምዝገባው ጊዜ ነው።

የሚገርመው፣ ሁለቱ ጉዳዮች የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሜይ 20 ቀን 1993 የመራጮችን ምዝገባ ከመንጃ ፈቃድ መስኮት ጋር የሚያገናኘውን ሕግ ፈረሙ። ያው ዓመት ሳይወጣ ኖቬምበር 30 ቀን የብሬዲን ሕግ ፈረሙ። ጄምስ ብሬዲ በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ሲተኮስባቸው አብሮ የቆሰለው የፕሬስ ኃላፊያቸው ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ቀሪ ዕድሜውን አካል ጉዳተኛ ሆኖ ኖረ። በስሙ የተጠራው ሕግ የጠመንጃ ገዢን ታሪክ ማጣራት ግዴታ አደረገ። በዚያ አንድ ዓመት እንግዲህ አሜሪካ የምርጫውን በር ሰፋ፣ የመሣሪያውን በር ጠበብ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ያለው ትግል አንዱን በር ለመዝጋት፣ ሌላውን ለመበርገድ የሚደረግ ትግል ነው ብል አላጋነንኩም።

ሁለቱም ወገኖች ደግሞ የሚፈሩት ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጥቁር አሜሪካዊ በ1870 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት አገኘ ተብሎ ሲያበቃ፣ በደቡብ ለመቶ ዓመት ገደማ «የምርጫ ግብር ክፈል»፣ «ማንበብና መጻፍህን አሳየን» እየተባለ ተመልሷል። የምርጫው ግብር በፌዴራል ምርጫ የተሻረው በ1964 ነው። የመምረጥ መብት ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ያንን በዓይኑ ያየ ሽማግሌ «ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ጠመንጃ ወዳዱም ስሙ ከተመዘገበ ነገ መንግሥት መጥቶ መሣሪያዬን ይወስድብኛል ብሎ ይፈራል። እሱን ግን ሕጉ ሰምቶታል። ማጣራቱን ያለፈ ገዢ መዝገብ በ24 ሰዓት ውስጥ ከኤፍ.ቢ.አይ. እንዲጠፋ ይደነግጋል። የመራጩ ስምና አድራሻ ግን በመዝገብ ይቀመጣል፤ ፓርቲዎችም እያወጡ ይጠቀሙበታል።

ሦስት ቀንና ዘጠኝ ሬሳ

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። በመሣሪያ መደብር የሚሆነው እንዲህ ነው። ገዢው መታወቂያውን ይሰጣል፣ ቅጹን ይሞላል፤ ነጋዴው መረጃውን ወደ ማጣሪያው ያስተላልፋል። ይህ ፈጣን ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በኖቬምበር 1998 ነው። አብዛኛው ጠያቂ መልሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል። የሚከለከለው ከመቶ አንድ ገደማ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ መታወቂያው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በምርጫ ጣቢያ የሚጠየቀው «አንተ ማነህ?» ነው። በመሣሪያ መደብር የሚጠየቀው «አንተ ማነህ? ምንስ አድርገሃል?» ነው። ስለዚህ «መታወቂያ ለዚያ ከተጠየቀ ለዚህም ይጠየቅ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ማሰሪያ ማሰር ነው።

መልሱ ካልመጣስ? ሕጉ «መንግሥት በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እምቢ ካላለ ነጋዴው መሸጥ ይችላል» ይላል። መንግሥት ከዘገየ ለገዢው ይፈረድለታል ማለት ነው።

ውጤቱን በ2015 አየነው። በደቡብ ካሮላይና አንድ የ21 ዓመት ወጣት ሽጉጥ ሊገዛ ሄደ። አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘቱን ያመነበት የፖሊስ ፋይል ነበረው፤ ያ ፋይል ቢገኝ ኖሮ ይከለከል ነበር። የኤፍ.ቢ.አይ. ሠራተኞች ፋይሉን ከየትኛው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት እንደሚጠይቁ ተምታቶባቸው ሲዳክሩ ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ሽጉጡም ተሸጠ። ጁን 17 ቀን 2015 ያ ሰው ቻርለስተን ከተማ በሚገኘው የኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ እንግዳ ብለው የተቀበሉትን ዘጠኝ ጥቁር ምእመናን ገደለ። የኤፍ.ቢ.አይ. ኃላፊ ጄምስ ኮሚ ወጥተው «መሸጥ አልነበረበትም» ሲሉ አመኑ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው!

ሌላም ልጨምር። በ2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ20 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ገዳዩ ቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ሲሆን፣ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር። አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ወደ ማጣሪያው መዝገብ አላስተላለፈም። ሰውዬው መሣሪያ የገዛው ከሕጋዊ መደብር፣ ማጣሪያውን በሚገባ «አልፎ» ነው። አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2021 ከጥፋቱ 60 በመቶውን በመንግሥት ላይ ጣሉ።

ይሄ ሁሉ የሆነው ማጣራት ግዴታ በሆነበት በኩል ነው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሳይሆን ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ማጣራቱን ጨርሶ አይጠይቅም፤ ጉዳዩ ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነው። በ2012 ሳንዲ ሁክ በተባለ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ ይህን ቀዳዳ ለማጥበብ የቀረበው ሐሳብ በኤፕሪል 2013 ሴኔት ገባ። 54 ደገፉ፣ 46 ተቃወሙ። ለማለፍ 60 ያስፈልገው ስለነበር ወደቀ።

መነኮሳቱን የመለሰች መነኩሴ

እስቲ ወደ ምርጫ ጣቢያው እንሂድ። ኢንዲያና በ2005 ፎቶ ያለበት መታወቂያ የሌለው በምርጫ ጣቢያ እንዳይመርጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 በ6 ለ3 ድምፅ ጸና። ሕጉ የወጣው ሰው በሌላ ሰው ስም እንዳይመርጥ ለመከላከል ነው ተባለ። ዋናውን የፍርድ ሐተታ የጻፉት ዳኛ ስቲቨንስ ግን፣ በኢንዲያና ታሪክ እንዲህ ያለ ማጭበርበር መፈጸሙን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ መዝገቡ ላይ እንደሌለ እዚያው ፍርዱ ውስጥ አስፍረዋል። ሕጉ ያለፈው መንግሥት አስቀድሞ የመጠንቀቅና የሕዝብን አመኔታ የመጠበቅ መብት አለው ተብሎ ነው።

ፍርዱ በወጣ በሳምንቱ፣ በሜይ 2008፣ በሳውዝ ቤንድ ከተማ ምርጫ ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ ከሥራ ያረፉ አሥራ ሁለት ያህል የካቶሊክ መነኮሳት ወደ ጣቢያው መጡ። መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ያላቸው ፓስፖርትም ጊዜው ያለፈ ነው። እንዳይመርጡ የመለሰቻቸው የጣቢያው ሠራተኛ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ ማኅበራቸው መነኩሴ! በስም ታውቃቸዋለች፣ በመልክ ታውቃቸዋለች፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ጊዜያዊ ድምፅ ሰጥተው በ10 ቀን ውስጥ መታወቂያ ይዘው መምጣት ይችሉ ነበር። በ10 ቀን የማይገኝ ወረቀት ነውና ተዉት።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በመደብሩ መንግሥት ሲዘገይ ሽጉጡ ይሸጣል። በጣቢያው ወረቀት ሲጎድል ድምፁ ይቀራል። አንደኛው በር ሲጠራጠር ይከፈታል፤ ሌላው በር ሲጠራጠር ይዘጋል። አእምሮ ያለው ሰው ቢያስብበት መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። ሽጉጥ ለመግዛት አሥር ቀን የጠበቀ ሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ሽጉጡን ይወስዳል። የምርጫ ቀን ግን ካለፈ አለፈ፤ ነገ ና አይባልም። በስህተት የተሰጠ ሽጉጥ የገደለውን ሰው ደግሞ የትኛውም ፍርድ ቤት አይመልሰውም።

እዚህ ላይ የሌላውን ወገን መልስ ሳልናገር ባልፍ ሚዛኔ ይሰበራል። ጠመንጃ የመያዝ መብት ተሟጋቹ «የቀድሞ ባሏ እገድልሻለሁ እያለ የሚዝትባት ሴት አሥር ቀን የላትም» ይላል። እውነቱን ነው። ሆኖም ለእሷ የሚበጀው ፈጣንና የተሟላ መዝገብ ነው። የማጣሪያው ቀዳዳማ የሚዝተው ባልም የሚገባበት ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ገዢዎች፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ፣ ማጣራቱን እስከ 10 የሥራ ቀን አራዝሞታል። ሰማይ አልተደፋም።

ላም ባልዋለበት

መታወቂያ ይጠየቅ የሚሉት ሰዎች ዋና ሥጋት አንድ ሰው በሌላው ስም ይመርጣል የሚል ነው። የሕግ ምሁሩ ጀስቲን ሌቪት ይህንኑ ሲያሳድዱ ከ2000 እስከ 2014 የተሰጠውን ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ድምፅ አይተው፣ ተዓማኒ ሆኖ ያገኙት 31 ያህል አጋጣሚ ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንዲት ድምፅ ለመስረቅ ብሎ፣ እውነተኛው መራጭ ቀድሞ መጥቶ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ፣ እስር ቤት ለመግባት የሚሰለፍ ሌባ ሞኝ ነው። ሌባ ሁሉ ሞኝ አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይሄ ነው።

ግን ደግሞ የመታወቂያው ተቃዋሚዎችም አጋነዋል። «ሚሊዮኖች ከምርጫ ይቀራሉ» ሲሉ ከርመው፣ በ2021 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ከ2008 እስከ 2018 ያለውን መረምሮ፣ እነዚህ ሕጎች በጠቅላላው የመራጭ ብዛት ላይ ጉልህ ቅነሳ አላመጡም ብሏል። ያው ጥናት ማጭበርበርንም እንዳልቀነሱ ጨምሮ ተናግሯል። ሕዝቡም ቢሆን በአስተያየት መለኪያዎች ከአሥር ስምንት የሚሆነው መታወቂያም ይታይ፣ የጠመንጃ ገዢም ይጣራ ይላል። ሰፊው ሕዝብ በአንድ ቢላ ነው የሚበላው። ሁለት ቢላ የሚይዙት ፖለቲከኞቹ ናቸው።

ቴክሳስና ቨርጂኒያ፦ አንድ ሳንቲም ሁለት መልክ

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ሁለት ክፍለ ግዛቶችን ልጥራ።

ቴክሳስ በ2011 የመራጭ መታወቂያ ሕግ አወጣች። ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ለመምረጥ ይበቃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪ መታወቂያ ግን አይበቃም! ሁለቱም ፎቶ አላቸው፣ ሁለቱም የመንግሥት ወረቀት ናቸው። ልዩነቱ ታዲያ ምንድነው? ሽጉጥ ያዡ ለማን እንደሚመርጥ፣ ተማሪው ለማን እንደሚመርጥ ሕግ አውጪው ያውቃል። አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2014 ከ600,000 በላይ የተመዘገቡ መራጮች በሕጉ ከተዘረዘሩት መታወቂያዎች አንዱም እንደሌላቸው ወሰኑ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2016 ሕጉ በጥቁሮችና በላቲኖዎች ላይ አድሎአዊ ውጤት አለው አለ። በ2017 ሕጉ ላላ ተደረገ። ይሄው ክፍለ ግዛት በ2021 ምን አደረገ? ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ አብዛኛው ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ ይችላል አለ። በዚያው ወር ገዢው በፖስታ የሚመርጥ ሰው የመታወቂያ ቁጥር እንዲጽፍ የሚያስገድደውን ሕግ ፈረሙ። በማርች 2022 ምርጫ ከ20,000 በላይ የፖስታ ድምፅ ተጣለ። አብዛኞቹ የወደቁት ቁጥሩ ስላልተጻፈ ወይም መዝገብ ላይ ካለው ጋር ስላልገጠመ ነው። በቴክሳስ በፖስታ የሚመርጡት በብዛት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች ናቸው።

ወደ ቨርጂኒያ እንሻገር፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ነው። በኖቬምበር 2019 ዲሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። በጃንዋሪ 2020 በሺዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃ የያዙ ተቃዋሚዎች ሪችመንድን አጥለቀለቋት። ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ግን ሁለት ሕጎች በአንድ ቀን ሥራ ላይ ዋሉ። አንደኛው የጠመንጃ ሽያጭ ሁሉ፣ የግለሰቡም ጭምር፣ ይጣራ አለ። ሁለተኛው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ለምርጫ ግዴታ መሆኑ ይቅር አለ። ቴክሳስን ገልብጡት ቨርጂኒያ ይወጣል።

ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ? እንደ እኔ አይደሉም። ቨርጂኒያ መታወቂያ የሌለውን መራጭ ዝም ብላ አላስገባችም፤ «እኔ ነኝ» ብሎ እንዲፈርም፣ ከዋሸ በከባድ ወንጀል እንዲጠየቅ አደረገች። ጥርጣሬው በመራጩ ድምፅ ላይ ሳይሆን በሐሰተኛው ራስ ላይ ወደቀ። ዲሞክራቶቹ ግን ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። «ድሃ መታወቂያ ማውጣት ይከብደዋል» የሚሉት እነሱው፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በሜሪላንድ በ2013 ባወጡት ሕግ ሽጉጥ ለመግዛት የጣት አሻራ፣ የአራት ሰዓት ሥልጠናና የ50 ዶላር ክፍያ ጠይቀዋል። በወንጀል በታመሰ ሰፈር የምትኖር ድሃ እናት እዚህስ ድሃ አይደለችም እንዴ? ማጣራቱ ተገቢ ነው ካሉ፣ ክፍያውን መንግሥት ይሸፈን ማለት ነበረባቸው።

የእኛ ሰው የሚነካበት ቦታ

አሁን ወደ ቤታችን ልቅረብ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ማጣሪያውን አልፎ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ግን አይችልም። በ1996 በወጣ ሕግ ዜጋ ሳይሆን የመረጠ ሰው ይታሰራል፣ ከአገርም ይባረራል። መንጃ ፈቃድ በሚወጣበት መስኮት «መራጭ ሆኜ ልመዝገብ» የሚለው ጥያቄ አብሮ እንደሚመጣ አስታውሱ። ቋንቋው ገና ያልገባው የዲቪ ዕድለኛ ሳያነብ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ቢፈርም፣ ለሽጉጥ ቢሆን ከቆጣሪ ጠረጴዛው የሚያስመልሰው ነገር ለኑሮው መፍረስ ምክንያት ይሆናል። ዘመድ ያላችሁ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ንገሩልኝ።

ሁለተኛው የስማችን ነገር ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልክ የለውም። ገብረ ሥላሴን አንዱ ወረቀት አንድ ቃል ያደርገዋል፣ ሌላው ሁለት ይከፍለዋል፤ የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ይገባል፣ የአያት ስም ይዘለላል። ጆርጂያ በ2017 ያወጣችው ሕግ የተመዝጋቢው መረጃ ከመንግሥት መዝገብ ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ምዝገባው ይንጠልጠል አለ። በ2018 ምርጫ ዋዜማ 53,000 ያህል ሰው ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ወደ 70 በመቶው ጥቁር ነበር። ከተንጠለጠሉት አንዳንዶቹ ዜግነት የወሰዱ ሆነው ሳለ፣ አሮጌው መዝገብ ገና «የውጭ ሰው» ብሎ የያዛቸው ናቸው። የፌዴራል ዳኛ በኖቬምበር 2018 እነዚህ ሰዎች የዜግነት ማስረጃቸውን ጣቢያው ላይ አሳይተው ይምረጡ ብላ አዘዘች። የስም መመሳሰል ጠመንጃ ገዢውንም ያስቸግራል። ከወንጀለኛ ጋር ስሙ የገጠመበት ይዘገያል። ለእሱ ግን ኤፍ.ቢ.አይ. መላ አበጅቶለታል፤ አመልክቶ ልዩ ቁጥር ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ቁጥር ይታወቃል። ለመራጩስ እንዲህ ያለ መላ ማን ከለከለ?

ሦስተኛው የዜግነት ማስረጃ ነው። ካንሳስ ከ2013 ጀምሮ ለመመዝገብ የዜግነት ወረቀት አምጡ አለች። ከ30,000 በላይ አመልካቾች ታገዱ። ጉዳዩን ያየችው ዳኛ በ2018 ሕጉን ስትሽር፣ በ19 ዓመት ውስጥ ተመዝግበው የተገኙት ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ቢበዛ 39 መሆናቸውን አሰፈረች። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ለማስቀረት ሠላሳ ሺህ ሰው! ይህ ሆኖ ሳለ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በማርች 2025 ለፌዴራል ምዝገባ የዜግነት ማስረጃ የሚጠይቅ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ፍርድ ቤት ያንን ክፍል በዓመቱ ውስጥ አገደው። የተወካዮቹ ምክር ቤትም ኤፕሪል 10 ቀን 2025 ተመሳሳይ ሕግ በ220 ለ208 ድምፅ አሳልፎ ወደ ሴኔት ላከ።

ምን ይደረግ?

ወገኖቼ፣ እኔ መታወቂያ ጠላቴ አይደለም። ማጣራትም ጠላቴ አይደለም። ማንኛውም ማጣሪያ ግን ሦስት ፈተና ይለፍ እላለሁ።

አንደኛ፣ የሚከላከለው ጉዳት በእርግጥ አለ ወይ? በጠመንጃው በኩል ሬሳው ተቆጥሯል። በምርጫው በኩል ግን ቆጣሪው ብዙም አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን የጠየቀ ወጪውን ይሸፍናል ወይ? ለመምረጥ መታወቂያ ግዴታ ነው የሚል መንግሥት መታወቂያውን ብቻ ሳይሆን፣ መታወቂያውን ለማውጣት የሚጠየቀውን የልደት ወረቀትም በነፃ ይስጥ፤ እቤቷ ላለች አሮጊት እቤቷ ድረስ ይውሰድላት። ሽጉጥ ለመግዛት አሻራ አምጣ የሚልም እንደዚሁ።

ሦስተኛ፣ መንግሥት ሲሳሳት የሚቀጣው ማነው? የቻርለስተን ምእመናን የተሳሳተ ፋይል አልላኩም። የሳውዝ ቤንድ መነኮሳት የማንንም ድምፅ አልሰረቁም። ሁለቱም የከፈሉት የሌላ ሰው ዕዳ ነው።

በዚህ ሚዛን ከተመዘነ፣ ስለ ጠመንጃ ጥርጣሬ ሲኖር ይቆይ፤ መንግሥትም በፍጥነት ይፈትሽ፣ ለስህተቱም ይጠየቅ። ስለ መራጭ ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ ፈርሞ ይምረጥ፤ ከዋሸ ይከሰስ። «መታወቂያ ለምን ለአንዱ ብቻ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ መልስ ያገኛል።

እናንተም ነገ ጋዜጠኛ ሆናችሁ፣ የትም አገር ይሁን፣ አንድ ባለሥልጣን «ለደኅንነታችሁ ሲባል ወረቀት አሳዩ» ሲላችሁ፣ ወረቀቱን ከማሳየታችሁ በፊት ባይሆን ካሳያችሁ በኋላ «ካልገጠመስ የሚከፍለው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን ጻፉት። ልብ ያለው ልብ ይበል!

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።